ሰው የማትቆጥረዋ ሌንስ

የአማርኛ አስተማሪያችን «ስለ አንድ ጉዟችሁ ሁለት ገጽ ጻፉ» ብሎን ነበር። እኔ ሁለቱን ገጽ ስጨርስ ገና ከነገሌ አልወጣሁም። ስለዚህ አጭሯን ለእሱ ሰጥቼ፣ ረጅሟን ለእናንተ ለአጎቴ ልጆች እዚህ ደብተር ላይ ጻፍኳት። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ «እናንተ አገር ከአንበሳ በቀር ምን አለ?» ትሉኝ የለ? በሉ ስሙ። አሁን ሚያዝያ ነው፤ ዝናቡ ስለገባ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል። በጥር የሄድኩበት መንገድ እንዲህ የሚናፍቀኝ ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነው።

አባቴን ኑሩን ታውቁታላችሁ፤ ፎቶ ቤቱን ግን አላያችሁትም። ገበያው አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ደንበኞቹ በብዛት የጦር ሰፈሩ ወታደሮች ናቸው። ወታደር ደግሞ ፎቶው ከደረት በላይ እንኳ ቢሆን ጫማውን ሳይወለውል አይነሳም፤ በራችን ላይ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ጠፍቶ አያውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት መንገድ ሊቀይስ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ለአባቴ አንዲት ሌንስ ሸጠለት። ከማነሷ የተነሳ ከእነዚያ ቆርቆሮዎች በአንዱ ውስጥ ልክክ ትላለች። አባቴም አንዱን አጥቦ፣ ውስጡን በለስላሳ ጨርቅ አልብሶ ቤት ሠራላት።

ሌንሷ ሰፋ አድርጋ ታያለች። በሌላኛው ሌንስ አሥር ሰው ለማንሳት አባቴ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ ጀርባው ከግድግዳ ይጋጫል። በእሷ ግን ካለበት ሳይነቃነቅ ክፍሉን ከነጣሪያው ያስገባዋል። እኔም የመጀመሪያ ፎቶዬን ያነሳሁት በእሷ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ፣ አንድ ሰው ሳይቀር!

ጠባይ ግን አላት። ዳር የቆመውን ሰው ጎትታ ታወፍረዋለች። ባለፈው ዓመት የአንዲት ሙሽራ እናት ዳር ቆመው ተነሱና ጉንጫቸው ተነፍቶ ወጣ። ፎቶውን ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«ኑሩ፣ ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ለሠርጉ የታረደው ሰንጋ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ «ይቺን ሌንስ ከቤቴ አስወጣታለሁ» እንዳለ ነበር። ታዲያ በጥር መጀመሪያ ከያቤሎ በመጣ ሾፌር እጅ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። የላኩት ጋሽ አስፋው ናቸው፤ ያቤሎ ላይ ፎቶ ቤት አላቸው፣ ከአባቴ ጋር ሙያውን ዲላ አብረው ነው የተማሩት። «ተልተሌ አንድ ትልቅ ቤተሰብ በአንድ ላይ ፎቶ መነሳት ይፈልጋል» ይላል ደብዳቤው። «የእኔ ሌንስ ግማሹን ቆርጦ ያስቀረዋል። ያቺን ጉንጭ ነፊህን ይዘህ ና። ይህን ሥራ ከሠራች በረጅሟ ሌንሴ እለውጥልሃለሁ።»

ረጅሟ ሌንስ ፊት ብቻ አቅርባ የምታነሳ፣ ለወታደር ፎቶ የተፈጠረች ናት። አባቴ በደስታ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበው። እኔ አንድ ጊዜም በቅቶኝ ነበር። የግማሽ ዓመቱ እረፍት ስለሆነ እናቴ «ዘይነባም ትሂድ፤ ዕቃህን የት እንዳስቀመጥክ የምታስታውስልህ እሷ ናት» አለች። እንደዚህ ነው የሄድኩት፤ ሌንሷን ልሸኛት።

የመጀመሪያው ቀን። ጎህ ሲቀድ ጨውና ስኳር በጫነ መኪና ተነሳን። እኔ ጋቢና ውስጥ በአባቴና በሾፌሩ መካከል፣ ቆርቆሮው በጉልበቴ ላይ። የነገሌ ቀይ አፈር ለረጅም ሰዓት አብሮን ሄደ፤ ከዚያ እያደር ነጣ። ዳዋ ወንዝ ስንደርስ እኛ ሰፈር ዝናብ ሲጥል ከሚወርደው ጎርፍ እንኳ ያነሰ መስሎ ታየኝና «ይኼ ነው ዳዋ?» አልኩ። ሾፌሩ «ቀስ በይ፣ ይሰማሻል! በሚያዝያ መጥተሽ እንዲህ በይው» አለኝ። አሁን ሚያዝያ ነው፤ ልክ ነበር።

ከዳዋ ወዲያ አንድ ጎማ ፈነዳ። እስኪቀየር ድረስ ግራር ሥር ተቀምጠን ሰርዲን በዳቦ በላን። አባቴ ቆርቆሮውን ከፍቶ የሌንሷን ቀለበት ቢያዞረው ክርር፣ ክርር አለ። ክዳኑ ተገጥሞ እንኳ አቧራው ገብቷል። ከመንገድ ዳር የዶሮ ላባ ለቅሞ በላባው ጫፍ ሲጠርጋት ሾፌሩ ቆሞ አየውና «ወይ ኑሩ፣ ለሚስትህ ጆሮ እንዲህ ትጠነቀቃለህ?» አለው።

አረሮ አደርን። ሆቴል የለም፤ ሻይ የሚሸጡ አንዲት ሴት ናቸው ያስጠጉን። «ወንዶቹ በረንዳ ላይ፣ ልጅቷ ከእኔ ጋር» ብለው አልጋቸውን ለቀቁልኝ፤ እሳቸው መሬት ተኙ። እምቢ ብል «እኔ ሴት ልጄን ዲላ ነው የሰደድኳት፤ እዚያ አንዷ እንዲህ ታደርግላት ይሆናል» አሉኝ። ስማቸውን ሳልጠይቃቸው መሄዴ እስካሁን ይቆጨኛል። ሻያቸው ዝንጅብል አለው፤ እናቴ ከምታፈላው ይበልጣል፤ ይህን እንዳትነግሯት።

ሁለተኛው ቀን። ከሰዓት በኋላ ያቤሎ ገባን። ያቤሎ ኮረብታ ከቧታል፤ እንደ ነገሌ ሜዳ ላይ አልተዘረጋችም። ጋሽ አስፋው ገና ከሩቅ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ኑሩ! ጉንጭ ነፊዋን አመጣሃት?»

«አመጣኋት። ያንተ ጉንጭ ግን ካለ እሷም ተነፍቷል።»

ማታ በትልቅ ትሪ ፓስታ አቀረቡልን። ሁለቱ የዲላውን ዘመናቸውን እያነሱ ሲስቁ አባቴን እንደዚያ ወጣት ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ሦስተኛው ቀን እሑድ ነው። ጠዋት ከውጭ የጋሽ አስፋው ድምፅ ሰማሁ፦ «ይሄ ቀለም ደርቋል እንዴ? እምቢ አለኝ'ኮ!»

ዘልዬ ወጣሁ። ጋሽ አስፋው ለቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን ሊወለውሉ የእኛን ቆርቆሮ ከፍተው፣ ጨርቅ በጠቀለሉበት ጣታቸው ሌንሷን ይፈትጓታል! ጨርቃቸው ላይ ደግሞ የቀድሞው ቡናማ ቀለም አለ።

«ጋሼ! ሌንሷ ናት!»

አጎንብሰው አዩ። ሃያ ዓመት ፎቶ ያነሳ ሰው ፊት እንደዚያ ሲሆን ማየት ነበረባችሁ።

«ኑሩ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቅርንጫፍ ከፍተህ ጫማ ቀለም መነገድ ጀመርክ እንዴ? ሰው ሌንሱን እዚህ ውስጥ ያስቀምጣል?»

አባቴ በትንፋሹና በመሐረቡ አጸዳት፤ መስታወቷ ጠራ፤ ጠርዟ ላይ ግን ስስ ቡናማ ቀለበት ቀረ፤ ዛሬም አለ። ጋሽ አስፋው ባልተወለወለ ጫማቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ እኛ በሌላ መኪና ወደ ተልተሌ ወረድን።

ወረድን ስላችሁ ወረድን ነው። ከኮረብታው በታች አየሩ እንደ ዳቦ ቤት በር ተቀበለን። ሜዳው ማለቂያ የለውም፤ ግራር፣ ኩይሳ፣ አሁንም ኩይሳ። እኛ አገር ኩይሳ ከወገብ አያልፍም፤ እዚያ እንደ ጭስ ማውጫ ቆሟል። ተልተሌ ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ጉዮ የሚባል ረጅም ሰው ይጠብቀናል፤ ፎቶውን ያዘዘው እሱ ነው። «ናጋ?» አለን፤ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው። «ናጋ» አልን። መንገዱ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፣ ዝናቡ ናጋ እያልን፣ እየሄድንም እየተጠያየቅን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው መንደራቸው ደረስን። የነገሌ ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጣልቶ ይታረቃል።

የጉዮ እናት አዴ ጡሜ ይባላሉ፤ አዴ ማለት እናት እንደ ማለት ነው። በጭስ የታጠነ ወተት በተሸመነ ዕቃ ሰጡኝ። መጀመሪያ ቃጠሎ ቃጠሎ አለኝ፤ ሁለተኛውን ግን እኔው ነኝ የጠየቅሁት። አንድ ዓይናቸው ነጭ ሞራ ለብሷል። በሌላኛው ፊቴን በጣም ቀርበው አዩና በኦሮምኛ ለአባቴ እንዲህ አሉት፦

«አንዱ ዓይኔ ሄዷል። ሁለተኛውም መንገድ ጀምሯል። ከመድረሱ በፊት ልጆቼን ሁሉ በአንድ ላይ ላያቸው ነው የጠራሁህ። ተለያይተው ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል። አሁን ለልጅ ስም ማውጫ ተሰብስበዋል። ከነገ ወዲያ ፀሐይ ስትወጣ ከብቱን ይዘው ወደ ሩቅ ግጦሽ ይበተናሉ።»

ያን ምሽት ቆርቆሮውን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

አራተኛው ቀን። ወደ እኩለ ቀን ገደማ ቤተሰቡ ትልቁ ግራር ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ሕፃኑ፣ ሴቶቹ ዶቃቸውን አድርገው፤ ሳቁና ጫጫታው ሌላ ነው። አባቴ ካሜራውን እያወጣ ፎቶ ቤት ለሚመጣ ሁሉ የሚላትን ቃል አላት፦

«ስንት ናችሁ?»

ሳቁ ቆመ። ጉዮ መሬት መሬት አየ። አንዲት እናት ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳበችው። የእኔ ፊት ጋለ። ነገሌ ከቦረና ልጆች ጋር ስላደግሁ አውቀዋለሁ፤ አባቴም ያውቀዋል፤ አፉ ነው የቀደመው። እዚያ ቤት ከብትም ሰውም አይቆጠርም። የተቆጠረ ይጎድላል ብለው ይፈራሉ።

«ሂን ላካኢን» አሉ አዴ ጡሜ። አትቁጠር ማለታቸው ነው። አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ግን ለስላሳ ስለነበር ይበልጥ ከበደ።

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅር በሉኝ አዴ፤ የሥራ ምላሴ ነው።» ቆርቆሮውን ከፍቶ ሌንሷን በመዳፉ አሳያቸው። «ይቺ ዓይን ቁጥር አትፈልግም። የተሰበሰበው ሁሉ ይገባላታል።»

አዴ ጡሜ ቀርበው አዩዋት። «እንግዲያው ከአንተ ትሻላለች» አሉ፤ ሳቁም ተመለሰ።

ከዚያ ሁሉም መኖሩን ያረጋገጡት በስም በመጥራት ነው። አዴ ጡሜ አንድ በአንድ ጠሩ፤ የተጠራው «አለሁ» ይላል፤ አፉን ያልፈታው ሕፃን በእናቱ አፍ አለሁ አለ። በእኛ ክፍል ስም ሲጠራ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ታዲያ አባቴ ካሜራውን ወደ ራሱ አዙሮ ሌንሷን ሲፈትሻት ፊቱ ተለወጠ። ሌንስ ውስጥ እንደ አበባ የተደራረቡ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ፤ ሲጫኑ ጠበብ ብለው ብርሃኑን የሚመጥኑት እነሱ ናቸው። ሙቀቱ የሌንሷን ዘይት አቅጥኖ ቅጠሎቹ ላይ አፍስሶታል። ተጫናት፤ አልተነቃነቁም። ደግሞ ተጫናት፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ ቆይተው፣ ቆይተው ተንቀሳቀሱ።

«በዚህ ፀሐይ እንዲህ ካነሳሁ ፎቶው ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል» አለኝ በአማርኛ፣ ዝቅ ብሎ። «ነገሌ አንድም ቀን እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም።»

«ነገሌ እንዲህ አይሞቅማ።»

ማታ እንዳይባል ከብቱ ሲገባ አቧራው ሰው አያሳይም። የቀረው ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ ንጋት፣ ሌንሷ ቀዝቅዛ ሰዎቹም ገና ሳይበተኑ። ካልሆነ ግን የለም።

እውነቱን ልጻፍ? አንድ ልቤ «ተበላሽታ ብትቀርስ?» አለኝ። ካልሠራች ጋሽ አስፋው አይወስዷትም፤ ለእኔ ትቀርልኛለች። ይህን እያሰብኩ ቆርቆሮውን ይዤ ስቀመጥ አዴ ጡሜ መጡና ከእጄ ወሰዱት። የውሃው እንስራ የተቀመጠበት ጨለማ ጥግ፣ ቤቱ ውስጥ በጣም ቀዝቃዛው ቦታ ላይ አኖሩት። ጨርቅ አርጥበው ጠቅልለው በክዳኑ ዙሪያ አሰሩለት፣ እንደ ታመመ ልጅ። «ያንቺም ዓይን ደክሟታል አይደል?» አሉኝ። አፈርኩ። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅጠሎቹ እንዲነቃነቁ።

አምስተኛው ቀን። ገና ጀንበር ብቅ ስትል ከብቶቹ መጮህ ጀምረዋል፤ ወንዶቹ በትራቸውን ይዘዋል። አባቴ ጨርቁን ፈታ፣ ሌንሷን ገጠመ፣ ወደ እኔ አዙሮ ተጫናት።

ጠቅ!

ቅጠሎቹ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ተርገበገቡ። አባቴና እኔ ተያየን።

ቀጫጭኖቹን ዳር ዳር ሲያሰልፍ ጉዮ ምክንያቱን ጠየቀ፤ አባቴም ጉንጭ ስለመንፋቷ እውነቱን ነገራቸው። አዴ ጡሜ ከመሃል ተነሱ።

«ታወፍራለች ነው ያልከው?»

«ዳር ላይ፣ ትንሽ ትንሽ። እርስዎ መሃል ይቀመጡ አዴ።»

«ምን በወጣኝ! በዚህ ድርቅ ማን አወፈረኝ? ዳር አስቀምጠኝ!»

ተለመኑ፣ ተለመኑ፣ እምቢ። በስተግራ ጫፍ ቁጭ አሉ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው። የነገሌዋ የሙሽራ እናት ትዝ ብለውኝ ከሳቄ ጋር ታገልኩ። ፀሐይ ከጀርባችን ነበረች። እኔ ባዶውን ቆርቆሮ ይዤ ከአባቴ ጎን ቆሜያለሁ። ሦስት ጊዜ ተጫናት፤ ሦስቱንም ጠቅ አለች። ብዙም አልቆዩም፤ ከብቱ ወደ ሜዳው ፈሰሰ፣ ሰዎቹም አብረውት። አዴ ጡሜ የኮቴው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ቆዩ። ለእኔ በዶቃ ያጌጠች ትንሽ የወተት ዕቃ ሰጡኝ፤ አሁን ይህን ስጽፍ እርሳሴ ተቀምጦባታል።

ስድስተኛው ቀን፣ ያቤሎ። ጋሽ አስፋው ከሰዓት በኋላ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍነው፣ ቀዩን መብራት አብርተው ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከሩት። ሦስታችን አጎነበስን። ጥቁር የሆነ ነገር ፈጥኖ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ነጩ ወረቀት ላይ ከሁሉ ቀድሞ ብቅ ያለው ሰው አልነበረም። ከታች ወደ ላይ የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ጥላዎች ናቸው፤ አንዱ ካሜራ ይዞ ክርኑን የከፈተ፣ አንዱ ጉፍታ ያሰረና በእጁ ክብ ነገር የያዘ። ከእነሱ በኋላ የቤተሰቡ ፊት አንድ በአንድ መጣ፤ ሁሉም፣ ጥርት ብሎ። አዴ ጡሜ ጫፉ ላይ እንደ ተመኙት ደህና አድርገው ወፍረዋል።

ጋሽ አስፋው ሳቃቸው አመለጣቸው። «ኑሩ፣ ራስህንም አስገባህ! ይህን ስህተት ዲላ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው የተውነው። ግድ የለም፣ ከታች ቆርጬ አስተካክለዋለሁ። ሌንሷ ግን ሠርታለች፤ ቃሌ ቃል ነው።» ረጅሟን ሌንስ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

አባቴ ወረቀቱን ነው የሚያየው። እኔም ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ቤታችን ግድግዳ ላይ የእናቴ፣ የእኔ፣ የእናንተ እንኳ ፎቶ አለ። የአባቴ ግን የለም። ሁልጊዜ ከካሜራው በስተጀርባ ነው።

«አስፋው፣ አትቁረጠው» አለ።

«እንዴት? ጥላ ያለበት ፎቶ ለሰው ይሰጣል?»

«ያለ ሁሉ ይገባል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። እኛም እዚያ ነበርን።» ረጅሟን ሌንስ በቀስታ ወደ ጋሽ አስፋው ገፋት። «ይቺም ላንተ ትቆይህ።»

«በጉንጭ ነፊዋ?»

«በእሷ።»

«ሙቀት የማይችል፣ ጫማ ቀለም የሚሸት ሌንስ ይዘህ! የሙሽራዋ እናት ቢመለሱስ?»

«እሳቸውን መሃል አቆማቸዋለሁ።»

ጨለማ ስለነበር ፊቴን አላዩትም፤ እንኳን አላዩት።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን መንገድ ነው። አረሮ ያሉትን ሴት ቤታቸው ተዘግቶ አጣኋቸው፤ ለጎረቤታቸው ስኳር ትቼ አለፍኩ። ዳዋን ስንሻገር ሌንሷ ቆርቆሮዋ ውስጥ፣ ቆርቆሮው በእርጥብ ጨርቅ፣ ጨርቁ በጉልበቴ ላይ።

የተልተሌውን ፎቶ ጋሽ አስፋው ዝናቡ ሳይገባ ልከውላቸው፣ በኋላ የሆነውን ጻፉልን። አዴ ጡሜ ፎቶውን በደህናው ዓይናቸው አጠገብ አድርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው አዩት አሉ። የሁሉንም ስም ጠሩ። መጨረሻ ራሳቸው ላይ ሲደርሱ «አላልኳችሁም!» ብለው ጉንጫቸውን በጣታቸው ነኩ።

የእኛ ቅጂ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው። የገባን ቀን እናቴ ገና እንዳየችው ቀረበች። «ወይ ጉድ፣ ይሄ ሁሉ በዚያች ቆርቆሮ በምታክል ሌንስ! ስንት ይሆናሉ?» ብላ ጣቷን ከታች ጀመረች። «አንድ፣ ሁለት…»

አባቴ ጣቷን ያዘ።

«ሂን ላካኢን» አላት። ከዚያ የእሷኑ ጣት ይዞ ወደ መጀመሪያው ጥላ መለሰው።

«ኑሩ» አለ። ወደ ቀጣዩ ወሰደው። «ዘይነባ።» ከዚያ ወደ ግራው ጫፍ። «አዴ ጡሜ…»